ብር ሳይኖር ለልጅ ጥሩ ትዝታ እንዴት ይሰጠዋል? (ያለነው ደሴ ነው)

የሁለት ልጆች እናት፦

ሰላም የወሎ ወላጆች። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቁ ወንድ ነው፣ ስምንት ዓመት ሊሞላው ነው። ትንሿ አራት ዓመቷ ነው። ባለቤቴ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ይሠራል። ጠዋት ልጆቹ ሳይነሱ ይወጣል፣ ማታ ሲገባ ደግሞ ወይ ተኝተዋል ወይ ሊተኙ ነው። እኔም ቢሮ ነኝ። የሚተርፈን እሁድ ነው፣ እሱም በልብስ አጠባና በለቅሶ ቤት ያልቃል፣ ታውቁታላችሁ።

ሰሞኑን አስተማሪያቸው "የምታስታውሱትን አንድ ነገር ሳሉ" ብላቸው የኔው ልጅ የሳለው አይሱዙ ነው። ላዩ ላይ ፍራሽ፣ ፍራሹ ላይ ሰዎች። በ2014 ጥቅምት ላይ በጦርነቱ ምክንያት ከደሴ ስንወጣ የተሳፈርንበት መሆኑ ነው። ያኔ አራት ዓመቱ ነበር፣ እንዲህ አጥርቶ ይይዘዋል ብዬ አልጠበቅኩም። የሰዎቹን ፊት ባዶ ትቶታል። የፍራሹን መስመር ግን ሰማያዊውንም ነጩንም አንድ ባንድ አስምሮታል።

በዚያ ላይ አዲስ አበባ ያለችው የባሌ እህት የልጇን ልደት ቪዲዮ ላከችልን። ሆቴል ነው። ፊኛው፣ ባለ ሦስት ደርብ ኬኩ፣ ፊቱን ተቀብቶ የሚዘል ሰውዬ ሁሉ አለ። ልጄ ደጋግሞ አየውና "እኛስ መቼ ነው እንዲህ የምናደርገው?" አለኝ። ምን ልበለው?

ሲያድግ "ልጅ ሳለሁ" ብሎ የሚያወራው ሌላ ነገርም እንዲኖረው እፈልጋለሁ። ብር የለንም፣ ጊዜም እንደነገርኳችሁ ነው። እናንተ ለልጆቻችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ከራሳችሁ ልጅነትስ ትዝ የሚላችሁ ምንድን ነው? "ፍቅር ይበቃል" የሚል መልስ ግን አደራ። ፍቅሩማ አለ።

የሐይቅ ልጅ፦

እህቴ፣ ሐይቅ ውሰጃቸው። ከደሴ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሚኒባስ አለ። ግን ሽርሽር አታድርጉት። ሽርሽር ካላችሁት አዲስ ልብስ ይመጣል፣ ፎቶ ይመጣል፣ "እንዳትቆሽሹ" ይመጣል፣ ከዚያ ሁላችሁም ተነጫንጫችሁ ትመለሳላችሁ። ዳር ላይ አንድ ዛፍ ምረጡና በሄዳችሁ ቁጥር እሱው ሥር ተቀመጡ። ሳይቆዩ "ዛፋችን" ማለት ይጀምራሉ፣ ሌላ ሰው ተቀምጦበት ሲያገኙ ደግሞ ይናደዳሉ። ቆሎና ዳቦ ከቤት ያዙ። ዓሣ ጥብስ አንድ ገዝታችሁ ተሻሙበት፣ ለየብቻ አትዘዙ።

እኔ ትዝ የሚለኝ አባቴ ቆሮሶ ሲያበላን ነው። ዓሣውን ከጀርባው በኩል በአውራ ጣቱ ይከፍተዋል፣ ትልቁን አጥንት እንዳለ ያወጣዋል፣ ከዚያ ሥጋውን በጣቶቹ ዳበስ ዳበስ እያደረገ የቀረች እሾህ ካለች ይፈልጋል። እኛ ተደርድረን እንጠብቃለን። አንድ ቀን ሥራውን ለታላቅ ወንድሜ ሰጠው። ያው እሾህ ቀርታ ኖሮ እኔ ጉሮሮ ላይ ተሰካች፣ እናቴ ደረቅ ዳቦ እያጎረሰች አወረደችልኝ። ዛሬም ወንድማማቾቹ ስንገናኝ የምንስቀው በዚች ነው። ፎቶ የሚባል ነገር የለንም።

ኦርቶዶክስ ከሆናችሁ እስጢፋኖስ ገዳም አለላችሁ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ የመሠረቱት፣ ስንቱ ሊቅ የወጣበት ቦታ ነው። ሴት ስለማይገባ ትንሿ ማኩረፏ አይቀርም። ወንዱን አባቱ ይዞት ይግባ፣ አንቺና እሷ ደግሞ ውጭ የራሳችሁ ነገር ይኑራችሁ፣ ወፍ ቁጠሩ፣ ሸንኮራ ግመጡ። እሱ ገብቶ ያየውን ወጥቶ ለእህቱ ይንገራት። ውሃው ጥልቅ ነው፣ ዋና የሚባል ነገር ግን እንዳታስቡ።

መምህር ከኮምቦልቻ፦

አንደኛ ደረጃ ነው የማስተምረው። የት እንደምትወስጃቸው ሌሎቹ ይንገሩሽ፣ እኔ ስለ ሥዕሉ ልበል።

ያ ጊዜ የኛ አካባቢ ልጆች ሁሉ ውስጥ አለ። የኔም ተማሪዎች አንዱ መኪና ይሥላል፣ አንዱ የተዘጋ ሱቅ ይሥላል። ሥዕሉን አትደብቂው። "እንዲህ ያለ ነገር አትሳል" እንዳትይው። አጠገቡ ቁጭ በይና ጠይቂው። "ፈርተህ ነበር?" ካልሽው አዎ ወይም አይ ብሎ ይዘጋዋል። "እዚህ ጋ የተቀመጠው ማን ነው? ከዚያስ የት ደረሳችሁ? ማን በር ከፈተላችሁ? ምን በላችሁ?" በይው። አይሱዙው የሆነ ቦታ ደርሶ ቆሟል፣ የሆነ ሰውም ተቀብሏችኋል። ልጁ ይዞ የቀረው መንገዱን ብቻ ከሆነ ቀሪውን አንቺ ነሽ የምትሞይለት። አትዋሺው፣ የሆነውን ነው የምትነግሪው።

አንድ ነገር ላክል። አብዛኛው ሰው ወደ ኋላ ሄዶ የሚያስታውሰው እስከ ሦስት ዓመት ወይም ሦስት ተኩል ድረስ ነው፣ ከዚያ በፊት ያለው ተጠርጎ ይጠፋል። ወላጆቻቸው ያለፈውን ነገር በዝርዝር የሚያወሯቸው ልጆች ደግሞ ከሌሎቹ አብልጠው እንደሚያስታውሱ በተደጋጋሚ ተጠንቷል። ስለዚህ ትንሿ ዘንድሮ ከምታደርጉላት ብዙውን ልትረሳው ትችላለች። ማታ እየተኙ "ዛሬ ምን ሆነ? ዶሮዋ ምን አደረገች?" ከተባባላችሁ ግን ይያዛል። ይሄ ብር አይጠይቅም፣ መብራት ሲጠፋም ይሠራል።

ሌሊት እየቃዠ የሚነሳ ከሆነ፣ ወይም ትቶት የነበረውን አልጋ ላይ መሽናት እንደገና ከጀመረ፣ ሐኪም ጋ ይዘሽው ሂጂ። ያ በጨዋታ ብቻ አያልፍም።

የሸዋ በር አያት፦

የልጅ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። አብሽሪ ልጄ፣ ምንም አልጎደለብሽም።

የዛሬ ሰው ልጁን እንደ እንግዳ አስቀምጦ ማዝናናት ይወዳል። ልጅ ሥራ ስጪው! ቡና ስታፈዪ ቁርሱን ወንዱ ያዙር፣ ቄጠማውን ትንሿ ትጎዝጉዝ፣ ስኒ ትቁጠር። አቦሉን ማን ጠጣ፣ ቶናው ላይ ማን ደረሰ፣ በረካውን ሳይጠጣ ማን ሄደ፣ እሱ ይወቅ። ሲመረቅ እጃቸውን ዘርግተው አሚን ይበሉ። ጀበናና ከሰል ግን አይጠጉ።

ጎረቤቴ ክርስቲያን ናት። ለፋሲካ እኛን ልትጠራ ስትል አንዷን ዶሮ ለይታ ወደ ቤታችን ትልካለች፣ ባለቤቴ አላህ ይዘንለትና ቢስሚላህ ብሎ ያርድላታል፣ ለኛም በሌላ ድስት ትሠራልናለች። ያቺን ዶሮ ታቅፎ የሚያመጣት ትንሹ ልጇ ነበር። ዶሮዋ ክንፏን ስታራግፍበት ዓይኑን ይጨፍናል፣ አገጩን ወደ ላይ ያደርጋል፣ ግን አይለቃትም ወላሂ። ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል፣ ያለው ውጭ አገር ነው። በደወለ ቁጥር "እማማ፣ ያቺ የቧጨረችኝ ዶሮ" ይለኛል። ሌላ ሌላውን ረስቶታል። ለዓረፋ ደግሞ እነሱን የሚጠሩት የኔ ልጆች ነበሩ፣ ቤት ለቤት እየሮጡ፣ ማን ቀድሞ ይጠራል ብለው እየተጣሉ።

ማታ ደግሞ እንቆቅልሽ አለላችሁ።

እንቆቅልህ?
ምን አውቅልህ።
ስሄድ አገኘኋት፣ ስመለስ አጣኋት።

ጤዛ ናት። አላውቅም ካለ አገር ይስጥ! ይሄ የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ትንሽ ሆኖ አላውቅም ሲል ኮምቦልቻን ይሰጣል፣ ባቲን ይሰጣል፣ ወልድያን ይሰጣል፣ ደሴን ግን በሞቴ አይሰጥም። "ደሴን ስጠኝ" ስለው ያለቅሳል። አሁን ይህን ሲጽፍ እየሳቀ ነው።

የፒያሳው አባት፦

እማማ እጅዎን ስሜያለሁ፣ ግን ትንሽ ልቃወም።

ሁሉም ሰው እዚህ ቡና፣ ሐይቅ፣ እንቆቅልሽ ይላል። ልጁ የጠየቀው ኬክ ነው። እኔ በቆርኪ፣ በብይና በካልሲ ኳስ ነው ያደግኩት፣ ደስ ይል ነበር፣ አልክድም። ግን ጫማ ስላልነበረኝ ከሰፈሩ ቡድን የቀረሁበትን ቀንም አልረሳሁትም። ድህነትን ቅቤ አንቀባው። "ብር ምንም አይደለም" የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያለው ነው።

የባልሽ እህት ቪዲዮ ላይ ያለው ሁሉ አያስፈልግሽም። ልደቱ ሲደርስ ከኬክ ቤት ትንሿን ኬክ ግዢ፣ ሻማ ትኑራት፣ ስሙ ይጻፍባት። የሚወዳቸውን የሰፈር ልጆች እሱ ራሱ መርጦ ይጥራ፣ የቀረውን በድፎ ዳቦና በፈንዲሻ ሙሉት። ከአሁኑ ቆርቆሮ ውስጥ ሳንቲም ማጠራቀም ጀምሩና ስንት እንደደረሰ እሱ ይቁጠር፣ የጎደለውንም ይወቅ። የኔ ልጅ እንዲህ አድርገን የኬኩን ዋጋ ከኔ አስበልጦ ያውቃል፣ "አባዬ ጨመረ እኮ" ብሎ የሚነግረኝ እሱ ነው። "እኛ የለንም" ብሎ ዝም ማለት ግን ልጅን ያሳፍረዋል። "አሁን የለንም፣ ለልደትህ ግን ይህን እናደርጋለን" ሲባል ሌላ ነው።

ደግሞ ስልኩን አስቀምጡት እባካችሁ። ሻማ በጠፋ ቁጥር "ቆይ ድገመው፣ አልቀረጽኩትም" የሚባል ልጅ ሲያድግ ምን ያስታውስ?

የወልድያ ሰው፦

ፒያሳ፣ ስለ ኬኩ እስማማለሁ። ስለ ጫማውም አልከራከርህም። እኔ ግን የራሳችን በዓላት ሳይከፈልባቸው ቆመው ለልደት ይህን ያህል መጨነቃችን ይገርመኛል።

ነሐሴ 13 ቡሄ ነው። ስምንት ዓመት ማለት ለሆያ ሆዬ ደንበኛ ዕድሜ ነው። ዱላውን አባቱ ይቁረጥለት፣ ግጥሙን ከሳምንት በፊት ጀምራችሁ ቤት ውስጥ ተለማመዱ፣ አንቺም ተቀባይ ሁኚ። ጅራፉን ግን ከቤት ራቅ ብሎ ያጩኸው፣ ጆሮ አጠገብ አይሆንም። ዛሬ ዛሬ ሙልሙል የሚሰጠው ጥቂት ሰው ነው፣ ብር ነው የሚሰጡት፣ ይሁን። ዋናው ነገር ማታ ብሩን ሲካፈሉ ያለው ጭቅጭቅ ነው። "አንተ እኮ አልጮህክም፣ አፍህን ብቻ ነው የከፈትከው!" ይህን እንዳትዳኙ፣ ተዉአቸው።

ለትንሿ ደግሞ ከነሐሴ 16 ጀምሮ ወደኛ ብቅ በሉ። ራያ ቆቦ ሶለል ነው፣ ላስታ አሸንድዬ፣ ዋግ ሻደይ። ልጃገረዶቹ ተሹሩበው፣ ወገባቸው ላይ ለምለሙን ሣር አስረው ሲጫወቱ አንዴ ያየች ሕፃን ቤት ስትገባ ያገኘችውን ቅጠል ሁሉ ወገቧ ላይ ማሰሯ ነው። ወልድያም ሆነ ቆቦ ዘመድ ካላችሁ ማደሪያ አይቸግርም። ከሌላችሁ ደሴ ያሉትን የኛን ሰዎች ጠይቁ፣ ወሎ ውስጥ ዘመድ የሌለው ማን አለ።

ገጠር አያት ካሏቸው ደግሞ ሌላውን ሁሉ ተዪው፣ እሸት ሲደርስ ላኪያቸው። የሽምብራ እሸት ከነቅጠሉ እሳት ላይ ጣል ተደርጎ ሲንጣጣ፣ ከአመዱ እየለቀሙ፣ ከንፈራቸው ጠቁሮ። የከተማ ልጅ ሽምብራ ከሱቅ ነው የሚመጣው የሚመስለው። ቁንጫው ይነክሳቸዋል፣ አዎ፣ ይነክሳቸው።

የሁለት ልጆች እናት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እማማ፣ የዶሮዋን ለባሌ ሳነብለት እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

መምህር፣ ያልከውን ትናንት ማታ ሞከርኩት። "ከዚያስ የት ደረሳችሁ?" ስለው ደብረ ብርሃን ያስጠጉንን ሰዎች ቤት ነገረኝ፣ እኔ የረሳሁትን ሁሉ። ሽማግሌው አባወራ ሌሊት ሌሊት ጋቢያቸውን አውልቀው ያለብሱት ነበር ለካ። "ጋቢው ጭስ ጭስ ይላል፣ ደግሞ ይከብዳል" አለኝ። እኔ ይህን አላውቅም ነበር፣ ተኝቼ ይሆናል። ስልካቸው አለን፣ እሁድ እንደውላለን፣ እሱ ራሱ ያናግራቸዋል። ሥዕሉ ላይ ደግሞ ቤት ልጨምር አለ፣ ጨምር አልኩት።

ፒያሳ፣ ቆርቆሮው ተጀምሯል። ትንሿ ቁልፍ ከተተችበት፣ የሷ መዋጮ መሆኑ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። የዘረዘራችሁት ሁሉ እኔ የማደርገው ነው የሚመስለው። አባትየው ማታ ደክሞ ነው የሚመጣው። ዕረፍቱ ቀን አልጋ ላይ ቢውል አልፈርድበትም። ለእሱ የሚሆን ምን አለ? አባቶች መልሱልኝ።

ፈረቃ ሠራተኛ፦

እኔም እንደ ባልሽ ነኝ፣ ኮምቦልቻ፣ ፈረቃ። የመሸበት ሰው እንደመሆኔ የሠራልኝን ልንገርሽ።

ሥራውን ያሳየው። ፋብሪካው ውስጥ ልጅ አያስገቡም፣ በሩ ድረስ ይበቃል። ትምህርት ሲዘጋ አንድ የዕረፍት ቀኑን መርጦ ጨለማ ሳለ ያስነሳው፣ ሁልጊዜ በሚሳፈርበት ሰዓት፣ በዚያው መኪና። የደሴ ብርድ፣ ጉም፣ ረዳቱ ሲጣራ፣ ከዚያ ጠመዝማዛውን ቁልቁል ሲወርዱ ጆሮው ድፍን ሲል፣ ኮምቦልቻ ሲደርሱ ሹራቡን ሲያወልቅ። ለኛ አሰልቺ ነው፣ ለልጅ ግን አባቱ በየቀኑ የሚሄድበት አገር ነው። ልጄ በሩን አይቶ "እዚህ ነው የምትጠፋው?" አለኝ። ጥበቃው ስሜን ጠርቶ ሰላም ሲለኝ ደግሞ ቀና ብሎ አየኝ። ጓደኞቼ ቁርስ የሚበሉበት ቤት አስገባሁት፣ ፉል በላ፣ ትልቅ ሰው ሆነ። ከዚያ አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ከመንገድ ዳር ቆመን አየን፣ ይሄም አይከፈልበትም።

ማታ ማታ ስለ ድካሙ ደግሞ፣ ብዙ አይጠበቅበትም። እኔ እንደገባሁ እግሬን የሚያጥቡኝ ልጆቼ ናቸው፣ አንዱ ውሃ ያፈሳል፣ አንዷ ሳሙና ትይዛለች። ወለሉ ይረጥባል፣ እናታቸው ትጮሃለች። እኔ ቁጭ ብዬ ነው የማወራቸው፣ መነሳት የለ፣ መሮጥ የለ።

ክረምት ላይ ሰኞ ዕረፍት ካገኘ ባቲ ይውሰዳቸው። ገበያው ሰኞ ነው፣ አፋሩም አማራውም ኦሮሞውም ይገናኝበታል። ከኮምቦልቻ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግመል ቀርቦ ያላየ ልጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ለምንድን ነው የሚያኝከው?" ብሎ ነው፣ መልሱን ተዘጋጁበት። ከኋላዋ አትቁሙ። ትንሿን አባቷ ይሸከማት፣ ሰዉ ብዙ ነው፣ ወንዱ ደግሞ እጅ ይያዝ። ምንም ባትገዙም ትንሽ ጨው ወይም ሎሚ እሱ ተከራክሮ ይግዛ። ጠዋት ቀድማችሁ ግቡ፣ ውሃ ያዙ፣ ባቲ ይሞቃል።